ምዕራፍ ስድስት፦ በተተከለበት ቀን ሥራ የሚጀምር ጥርስ

ጥርስ ለማስተከል ያሰበ የዳንግላ ሰው ከሕክምናው ክፍያ ጋር መንገዱንም ያሰላል። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ 80፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ የምትገኝበት የአዊ ዞን መዲና እንጅባራም አጠቃላይ ሆስፒታል አላት። የተነቀለን ጥርስ በኢምፕላንት መተካት ግን ሌላ ጣጣ ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ብሎን ቀብሮ በላዩ ጥርስ የማቆሙ ሥራ በአገራችን በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ባሉ የግል ክሊኒኮች የተወሰነ ነው። በነባሩ አሠራር ታካሚው አንድ ጊዜ ለምርመራና ለራጅ፣ አንድ ጊዜ ለቀዶ ሕክምናው፣ ከወራት በኋላ ድዱ ተከፍቶ ብሎኑ እንዲገለጥ፣ ከዚያም ልክ ተወስዶ ጥርሱ እንዲገጠም ይመላለሳል። ቀጠሮዎቹ ቢጣመሩለት እንኳ ጉዞው ከሦስት አራት አያንስም፤ እያንዳንዱም የመኪና፣ የአልጋ፣ የአስታማሚና ከሥራ የመቅረት ወጪ አለው። «ጥርስዎን በአንድ ቀን» የሚለው ማስታወቂያ ከማንም በላይ የሚማርከው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ማስታወቂያው ውሸት ነው አልልም። ተተክሎ ወዲያውኑ ጭነት የሚሸከም ጥርስ በበርካታ አገሮች ተፈትኖ አጥጋቢ ውጤት አሳይቷል። የምከራከረው ስለ ምክንያቱ ነው። ዘዴው የተሳካው አጥንታቸው፣ የጥርሳቸው ቦታና ጤንነታቸው ተጣርቶ በተመረጡ ሰዎች ላይ ስለተሠራ ነው፤ ምርጫው ሲላላ ውጤቱም ይላላል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሚዛን አለ፤ ዘዴው መጀመሪያ ላይ የሚያስቀረውን ጉዞ በኋላ በክትትል መልክ ሊያስከፍል ይችላል።

አስቀድመን ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን እንለይ። አንዱ፣ የታመመው ጥርስ በተነቀለበት ቀን በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ብሎን መትከል ነው። ሌላው፣ ብሎኑ ከገባ በኋላ ሳይውል ሳያድር ጥርስ አስሮ ሥራ ማስጀመር ነው። ሁለቱ አብረው ሊደረጉ ይችላሉ፤ አንዱ ያለ ሌላውም ይደረጋል። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። በጥናቶች ልማድ ጥርሱ በ1 ሳምንት ውስጥ ከታሰረ ፈጣን ጭነት፣ ከ1 ሳምንት እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ከሆነ ቀደም ያለ ጭነት፣ ከ2 ወር በኋላ ከሆነ ደግሞ የተለመደው ጭነት ይባላል። በዕለቱ የሚታሰረው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአክሪሊክ የተሠራ ጊዜያዊ ጥርስ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ድዱ ሽሮ ቅርጹን ከያዘ በኋላ፣ ከወራት በኋላ ማለት ነው፣ ዘላቂው በቦታው ይገባል። ስለዚህ «በአንድ ቀን አለቀ» የሚል ክሊኒክ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ሳይቆጥር ቀርቷል።

መጠበቁ ራሱ ከየት መጣ? ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት የቲታኒየም መመልከቻ ይቀብር ነበር። ጥናቱ አብቅቶ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲል አልላቀቅ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን ጨብጦ አብሮት አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሰን ለሚባል፣ ከተፈጥሮው የመንጋጋ ችግር ለነበረበት ሰው የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች ተከለለት፤ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ አገልግለውታል። ብሮነማርክ ያወጣው ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ብሎኑ በድድ ተሸፍኖ በታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ በላይኛው 6 ወር ያለ ምንም ጭነት ይቆይ። እነዚህ ቁጥሮች ግን ከዚህ ቀድሞ ቢጫን ይወድቃል፣ ይህን ያህል ከጠበቀ ይቆማል ተብሎ በንጽጽር የተለኩ አልነበሩም። ከእሱ በፊት የነበሩት የተከላ ሙከራዎች ብዙ ሰው ያስለቀሱ ስለነበሩ፣ ሐኪሙ ከልምድና ከጥንቃቄ ያበጃቸው ልኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 በካናዳዋ ቶሮንቶ በተደረገው ጉባኤ የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ዘዴውን ሲቀበሉ ደንቡንም አብረው ተቀበሉ። በዚህ መልክ ጥንቃቄው ሕግ ሆነ።

ሕጉ ግን ገና ሳይጸና የጣሱት ነበሩ። የስዊሱ ፊሊፕ ሌደርማን እ.ኤ.አ. በ1979 በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል አራት ብሎኖች ተክሎ፣ በብረት ዘንግ አያይዞ፣ ሳይቆይ ተነቃይ ጥርስ እንዳሳረፈባቸው ዘገበ። አሜሪካዊው ፖል ሽኒትማንና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት የአሥር ዓመት ውጤት ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ይመስለኛል፤ ስኬቱንም ውድቀቱንም አንድ ላይ ይዟልና። በ10 ሰዎች መንጋጋ 63 ብሎኖች ተተከሉ፤ 28ቱ ወዲያውኑ ተጫኑ፣ 35ቱ በድድ ተሸፍነው ጠበቁ። ከተጫኑት 4 ወደቁ፤ ከጠበቁት አንድም አልወደቀም። ሆኖም ጥርስ አጥቶ የቀረ ታካሚ የለም፤ የአሥሩም ሰዎች ቋሚ ጥርስ ቆመ። ይህን ውጤት «መጫን ያጠፋል» ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ «መጫን ይቻላል፣ ግን ዋጋ አለው» ብሎ ማንበብም ይቻላል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ያኔ ያገለገሉት ብሎኖች ገጻቸው ልሙጥ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሻካራ ተደርገው ስለሚሠሩ አጥንት ቶሎ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የፖርቱጋሉ ፓውሎ ማሎ ጥርስ አልባ የሆነ የታችኛው መንጋጋ በአራት ብሎን ብቻ እንዲሸከም አድርጎ፣ በ44 ሰዎች የተተከሉ 176 ብሎኖችን ውጤት አሳተመ። በሁለቱ የታካሚዎች ምድብ በቅደም ተከተል 96.7 እና 98.2 በመቶ የሚሆኑት ቆመው ተገኙ። በዓለም ዙሪያ «ሁሉም በአራት» እየተባለ የሚሸጠው ሕክምና ከዚህ የመነጨ ነው።

አንዱ ቆሞ ሌላው ለምን እንደሚወድቅ ለመረዳት አጥንቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማየት ያሻል። ብሎኑ በገባበት ቀን የሚቆመው አጥንቱን ነክሶ ስለያዘ ብቻ ነው፤ ገና አልተዋሐደም። ከዚያ ሰውነት በመሰርሰሪያው የተጎዳውን አጥንት ያፈርሳል፣ በቦታው አዲስ ይሠራል። ችግሩ ማፍረሱ ከመሥራቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። በዚህ የተነሣ ብሎኑ ከገባበት ቀን ይልቅ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ገደማ ደካማ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ንክሻ ላልቷል፣ አዲሱ አጥንት ገና አልጠነከረም። ያ ጊዜ ግን ታካሚው ሕመሙ ጠፍቶለት፣ እብጠቱ ጎድሎለት «ድኛለሁ» ብሎ ማኘክ የሚጀምርበት ወቅት ነው። በዚህ የድካም ጊዜ ብሎኑን እጅግ ጥቂት መነቃነቅ አይጎዳውም፤ ከ50 እስከ 150 ማይክሮን በሚገመተው ወሰን ውስጥ ከሆነ አጥንቱ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ከአንድ ሁለት የጸጉር ዘለላ ውፍረት የማይዘል ነው። ከዚያ ካለፈ በብረቱና በአጥንቱ መካከል አጥንት በመሥራት ፈንታ ጠባሳ መሰል ልስልስ ሥጋ ይበቅላል፤ ይህ ሥጋ ከበቀለ ወደ ኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ ብሎኑን ማውጣት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው፣ ጉዳዩ የጭነት መኖር አለመኖር ሳይሆን የመነቃነቅ መጠን መሆኑ ነው። የሌደርማንና የማሎ ስኬትም በዚህ ይፈታል። የአገራችን ግንበኛ የግድግዳ እንጨቶቹን በማገር እንደሚያስተሳስር ሁሉ፣ እነሱም ብሎኖቹን በአንድ ዘንግ ወይም በአንድ ወጥ ጥርስ አስተሳሰሯቸው፤ ለብቻው ሲገፉት የሚወዛወዝ እንጨት በማገር ከታሰረ ጎረቤቱ ይደግፈዋል። ለብቻው የቆመ ብሎን ግን ደጋፊ የለውም፤ የሚጠብቀው አጥንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ብሎኑን ሲያጠብቅ ስንት ጉልበት እንደጠየቀው በመለኪያ ቁልፍ ያያል። ብዙ ተመራማሪዎች ለፈጣን ጭነት ቢያንስ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ገደማ ይጠይቃሉ። ከዚያ ካነሰ በዕለቱ ጥርስ ላለማሰር አስቀድመው ወስነው ይገባሉ። ይህ ልኬት የሚታወቀው በቀዶ ሕክምናው መካከል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ራጁና ሲቲ ስካኑ ፍንጭ ይሰጣሉ እንጂ ቁርጡን አይናገሩም። ታካሚው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልክ «በአንድ ቀን እንጨርስልዎታለን» የሚል ቃል የሚሰጠው ክሊኒክ፣ ማንም ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ቃል እየገባ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። ኮክሬን የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ ፈጣን፣ ቀደም ያለና የተለመደ ጭነትን በዕጣ ድልድል ያነጻጸሩ 26 ሙከራዎችን ሰብስቧል፤ በድምሩ 1217 ሰዎችና 2120 ብሎኖች ነበሩ። መደምደሚያው፣ በጥርሱ መውደቅም ሆነ በብሎኑ መውደቅ ወይም በአጥንቱ መሸርሸር ረገድ በሕክምና ዓይን ትርጉም ያለው ልዩነት ስለመኖሩ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም የሚል ነው። የክሊኒክ በራሪ ወረቀቶች ይህን «ሁለቱ እኩል ናቸው» ብለው ይተረጉሙታል። ልዩነት አለማግኘት ግን እኩልነትን ከማረጋገጥ ይለያል። 1217 ለ26 ሲካፈል በአንድ ሙከራ ከ50 ያነሰ ሰው ይደርሳል፤ ውድቀት እምብዛም በማይደርስበት ነገር ላይ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር አነስተኛ ልዩነትን ማየት አይቻልም። ከዚያም በላይ በእነዚያ ሙከራዎች የተካፈሉት ሰዎች ተመርጠው የገቡ ናቸው፤ ጥሩ አጥንት ያላቸው፣ ብሎናቸው በበቂ ጉልበት የጠበቀ፣ ብዙ ጊዜም ከባድ አጫሾችና ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ተለይተው የወጡ። ያው ተቋም ቀደም ብሎ ባወጣው ግምገማም ብሎኑ መጀመሪያ ላይ ጠንክሮ መያዙ ለፈጣን ጭነት ስኬት ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ እንደሚመስል ተናግሯል። እኔ ከዚህ ሁሉ የማገኘው ንባብ፣ ሁኔታው ሲሟላ ፈጣኑ ከዘገየው እምብዛም አይከፋም የሚል ነው። ሁኔታው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ጥናቶቹ ዋስትና አይሰጡም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው አስወጥተዋቸዋልና።

በመቶኛውም ላይ ጥቂት እንቆይ፣ ብዙ ታካሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «97 በመቶ ይሳካል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ብሎን ነው እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ሰው አራት ብሎን አስተክሎ እያንዳንዱ 97 በመቶ የመቆም ዕድል ቢኖረው፣ አንዱ በሌላው ዕጣ ላይ ተጽዕኖ የለውም ካልን፣ አራቱም የመቆማቸው ዕድል 88 በመቶ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዎች አንዱ ቢያንስ አንድ ብሎን ያጣል ማለት ነው። በእውነቱ ዓለም ውድቀት በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ይከማቻል፤ አጥንቱ የሳሳበት ወይም ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው አንዱን ካጣ ሁለተኛውንም ሊያጣ ይችላል። የዳንግላው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት በመቶ?» ብቻ አይሁን፤ «ስንት በመቶ የሚሆነው ሰው ተመልሶ መምጣት ነበረበት?» ብሎ ይጠይቅ።

በአፍ ውስጥም ቦታ ከቦታ ይለያል። በጣም አስተማማኙ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ነው፤ አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ላለቀ አረጋውያን በዚያ ቦታ አራት ብሎን ተክሎ በአንድ ጥርስ ማስተሳሰር ለፈጣን ጭነት ከሁሉ የተሻለው ሁኔታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ የፊት ጥርስ ብቻ ለጎደለው ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው፤ ጊዜያዊው ጥርስ ለመልክ ይታሰራል፣ ግን ከላይ ወይም ከታች ካለው ጥርስ ጋር እንዳይነካካ አጠር ተደርጎ ይሠራል። ሰውየው ፈገግ ሲል ጥርስ አለው፣ ሲነክስ የለውም። ለሠርግ ለደረሰ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠበቅበት ትዕግሥት ብቻ ነው። የኋለኛው የላይኛው መንጋጋ ግን አጥንቱ ሳስቶ፣ ከላዩ አየር ያለበት የፊት ዋሻ ተጎራብቶ የሚገኝበት ስለሆነ፣ የማኘክ ኃይልም እዚያ ስለሚበረታ፣ ለብቻው በቆመ ብሎን ላይ በዕለቱ መጫን አይመከርም። በዚያ ቦታ የጎደለ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ማንም አያየውም፤ ሦስት አራት ወር ቢጠብቅ ምን ይጎድልበታል?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚሉ ወገኖች ይህን ሁሉ ሰምተው፣ መጠበቅ ከኪሳራ ካዳነ ለምን ሁሉም አይጠብቅም ይላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። መጠበቅም የራሱ አደጋ አለው። ብሎኑ በድድ ተሸፍኖ ሳለ ታካሚው ጥርስ አልባ አይቀመጥም፤ ብዙውን ጊዜ በላዩ ተነቃይ ጥርስ ያደርጋል። ያ ተነቃይ ጥርስ ድዱን እየጫነ፣ በሸፈነው ሥጋ በኩል ብሎኑን መነካካቱ አይቀርም፤ ይህ ጭነት ደግሞ ያልታሰበበትና ያልተለካ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሳሰረ ጊዜያዊ ጥርስ ከዚህ ይሻላል። ከዚያም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይቀራል፣ ጉዞውም ይቀንሳል። ለአረጋዊ ሰው አንድ ቀዶ ሕክምና መቅረቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ማስረጃው ሁሉ የፈረንጅ ነው የሚል ነው፤ ጥናቶቹ ከጎተንበርግ፣ ከሊዝበን፣ ከቦስተን መጡ እንጂ ከአዊ አልመጡም። አጥንቱ ብረቱን የሚይዝበት ሥርዓት ከአገር አገር አይለይም፤ የዳንግላ ሰው መንጋጋ የሚፈርሰውና የሚሠራው እንደ ስዊድናዊው ነው። የሚለየው በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። አንዱ ምግባችን ነው። ከተከላው በኋላ ቢያንስ እስከ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ለስላሳ ምግብ ያስፈልጋል፤ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ቋንጣና ጥሬ ሥጋ በዚያ ጊዜ ክልክል ናቸው። ፍትፍት፣ ሽሮ፣ የአዊ ደጋ ድንች ተቀቅሎ ይቻላል። ጊዜው ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ለጿሚ ሰው ልኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጾሙን ግን በቆሎ የሚያሳልፍ ከሆነ ሌላ ጊዜ ይምረጥ። ጫትም እንዲሁ ነው፤ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ማኘክ ለዚህ አጥንት የሚስማማ አይደለም። ሁለተኛው ልዩነት የመሣሪያውና የንጽሕናው ጉዳይ ነው፤ የጉልበት መለኪያ ቁልፍ የሌለው ክሊኒክ ፈጣን ጭነት መሥራት የለበትም፣ ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የርቀት ነው፤ በሙሉ አጥጋቢ መልስም የለኝም። አደገኛው ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የሚመጣው ታካሚው አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ጊዜያዊው ጥርስ ሊላላ፣ የሚያስተሳስረው አክሪሊክ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ማሰሪያ ይዞ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ብሎኖቹ እየተነቃነቁ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አያምም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ «ቢያስቸግርዎ ነገ ይምጡ» የሚለው የሐኪም ቃል ለዳንግላ ሰው ሁልጊዜ የሚፈጸም አይደለም። የአካባቢው የጥርስ ባለሙያ ስፌት ማውጣት፣ ድዱን ማየት፣ መመረዝ ካለ ማከም ይችላል፤ የላላውን ማጥበቅ ግን ላይችል ይችላል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ አምራች ብሎን የራሱን መፍቻ ይፈልጋል። ለክረምት ዕረፍት ሁለት ሳምንት ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥቶ ጥርሱን አዲስ አበባ የሚያስተክል ወገናችንም የተያዘው በዚሁ ነው፤ ብሎኑ በሚደክምበት ሳምንት እሱ ከሐኪሙ ውቅያኖስ ተሻግሯል። እዚያ ያለው ሐኪም ሌላው የተከለውን ለመንካት ብዙ ጊዜ ያመነታል።

ይህ ማለት የሩቅ ሰው ፈጣን ጭነት ይቅርበት ማለት ነው? እንደዚያ አይመስለኝም። ምርጫው ለእሱ ጠበቅ ማለት አለበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው፣ ከተከላው በኋላ አንድ ወር ያህል እዚያ መቆየት የሚችል ሰው አደገኛውን ጊዜ ሐኪሙ አጠገብ ያሳልፋል፤ ለእሱ ዘዴው እውነተኛ ትርፍ አለው። በማግስቱ መሳፈር ያለበት ሰው፣ አጥንቱ ካልተመቸ ወይም ብሎኑ ለብቻው የሚቆም ከሆነ፣ በድድ ተሸፍኖ መጠበቁ ይሻለዋል፤ የተሸፈነ ብሎን ይህን ያህል የቅርብ ክትትል አይፈልግም፣ መንገድ ቢዘጋ አንድ ወር ዘግይቶ ቢመጣ አይጎዳም። ፈጣኑ ዘዴ በጣም የሚያጓጓው የሩቁን ሰው ነው፤ ክትትል በማጣት በጣም የሚጎዳውም እሱው ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የሀብታም ወግ ነው የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍሪካ ቀጣና ለ100 ሺህ ሰው 3.3 የጥርስ ሐኪም ብቻ እንደሚደርስ፣ ይህም የዓለምን አማካይ አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑን አስፍሯል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከዳንግላ ጎረቤት ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር፤ ይህ መድን ብዙ ሸፍኗል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ግን አይሸፍንም። ብሎኑ ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው በብር ሲታይ መናሩ የሚያስገርም አይደለም። ለብዙ ሰው የሚበጀው በእርግጥም ጥርስ ሳይነቀል ማዳን ነው። ጥርሳቸው ላለቀ ሰዎችም ከአራት ብሎን በፊት የሚታሰብ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ አልባ ለሆነ የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ብሎን የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ ይሁን ብለው ተስማምተዋል። የብሎኑ ቁጥር በግማሽ ያንሳል፣ ወጪውም ይቀላል፤ አዛውንቱ ማታ አውልቀው ያጥቡታል፣ ብሎኑ ቢወድቅ እንኳ አፋቸው ባዶ አይሆንም። ለዳንግላ ከ«ሁሉም በአራት» ይልቅ ይህ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ እሱንም ቢሆን ለመጫን መቸኮል ግድ አይደለም።

ለማስተከል የወሰነ አንባቢ ሐኪሙን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጠይቅ፦ ብሎኔን የምታጠብቁበት ጉልበት ይለካል ወይ? ካነሰ ምን ታደርጋላችሁ? ጊዜያዊው ጥርስ ቢሰነጠቅ ማን ያየኛል? የብሎኑን አምራች፣ ውፍረትና ርዝመት የያዘ ካርድ ተቀብሎ ከመታወቂያው ጋር ያስቀምጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም መፍቻውን የሚያገኘው በዚያ ነው። አጫሽ ከሆነ ቀድሞ ያቁም፤ ስኳር ካለበት ቀድሞ ያስተካክል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው መካከል «አልጠበቀልኝም፣ ዛሬ ጥርስ አላስርም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ» ካለው ደግሞ አይከራከር፣ ገንዘቤን መልስ አይበል። ያ ሐኪም ሥራውን ያውቃል፤ ሦስት ወር ቆይቶ ወደ እሱው ይመለስ።